የመላኪያው ሃያ ሦስት ብር

እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ቤት ገብቼ ቡፌ ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ቡፌ ምን አደረገኝ? ምንም። መስታወት የተገጠመለት የስኒና የብርጭቆ ማስቀመጫ ነው፤ አፍ የለው፣ ስልክ የለው፣ የባንክ ደብተር የለው። ግን ዐይኔ ሲያርፍበት የቀረበልኝን ሁሉ እተወዋለሁ። ባለቤቴ «ኧረ ሰው ይታዘበናል» እያለች በክርኗ ትጎስመኛለች። ይታዘበና! እኔ ራሴን ከታዘብኩ ቆየሁ።

አንድ ጓደኛ ነበረኝ። «ነበረኝ» ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ ክፉ አይንካው፣ አሁንም ጊዮርጊስ አጠገብ በጠባቧ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ዐይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ የሰው ሰዓት ይከፍታል። ሰዓት ሠሪ ነው። እኔ ደግሞ ስድስት ኪሎ ኮፒ ቤት አለኝ፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አባዛለሁ፣ እጠርዛለሁ። እኔና እሱ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፒያሳ አንዲት ካፌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይዘን ማኪያቶ ጠጥተናል። ሰፈሩ ሲቆፈርና ሲደፈን፣ የምናውቀው ሱቅ ሁሉ ስሙን ሲቀይር፣ እኛ ከጠረጴዛችን አልተነሣንም።

በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሂሳብ በሰላም ተከፍሎ አያውቅም። አስተናጋጇ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ጦርነት ነው። «በሞቴ!» ይላል እሱ። «ሞቼ ነው ቆሜ!» እላለሁ እኔ፣ እጁን ጠምዝዤ። አንዴ ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎ ተነሥቶ ባንኮኒው ጋ ከፍሎ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ መጥቼ፣ ገና ያልጠጣነውን ከፍዬ ጠበቅሁት። አንዴማ በትግሉ መሃል የሸሚዜ ኪስ ተቦጨቀ። አስተናጋጇም ከጊዜ ብዛት የራሷን መላ አበጅታለች፤ ወረቀቷን ጠረጴዛው መሃል ጣል ታደርግና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ብርጭቆ እንዳይደፋባት ነው።

ያኔ ይሄ ፍቅር ይመስለኝ ነበር። ፍቅርም ነበር።

የጓደኛዬ እናት ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ሲቀር ነው ነገሩ የተጀመረው። እኔንም እንደ ልጃቸው አብልተው የገሠጹኝ ሴት ናቸው፤ ሳጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ከሳቸው የቀረው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ጠርዛቸው ወርቅማ ስኒዎች፣ አንድ ደርዘን ብርጭቆ፣ አንድ በፍሬም ያለ ፎቶ። ያ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በካርቶን ተጠቅልሎ ጓደኛዬ አልጋ ሥር ተቀምጧል። «ማስቀመጫ አጣሁላቸው» ይለኝ ነበር። «ለሙት ዓመታቸው ዘመድ ሲመጣ ዕቃቸው አልጋ ሥር ነው ልበል?»

እኔ ቤት ደግሞ ቡፌ ነበር። የዋንዛ እንጨት፣ ሁለት ሰው የማያነሣው፣ ባለቤቴና እኔ ስንጋባ የገዛነው። ልጄ ትልቅ ሰው ሆና መጣችና «አባዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ፋራ ነው፣ ቤቱን አጠበበው» አለች። ፎቶ አንሥታ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ግሩፕ ላይ ልትለጥፈው ስልኳን አወጣች። «ቆይ» አልኳት። ለማን እንደሚሆን ወዲያው ነው የታየኝ።

ቅዳሜ ካፌያችን ውስጥ «ውሰደው» አልኩት።

«ስንት?»

«ምን ስንት አለው፤ ውሰደው ነው የምልህ!»

«በነፃ ከሆነ በበሬ አይገባም። የእናቴን ዕቃ በልመና ቡፌ ውስጥ አላስቀምጥም።»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም። እሺ፣ ሦስት ሺ።»

«እየቀለድክ ነው? አሥር።»

«አምስት!»

«ዘጠኝ፣ ከዚያ በታች ካልክ ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

ሻጭ ሲቀንስ ገዢ ሲጨምር ያየ ሁሉ እብዶች ናቸው ይለን ነበር። አጠገባችን የተቀመጠ ሰውዬ ጋዜጣውን አጥፎ ያየን ጀመር። ስምንት ሺ ላይ ተጨባበጥን። «ሰኞ ብሩን ይዤልህ እመጣለሁ» አለኝ። እኔ ነኝ እንግዲህ፣ እኔው በገዛ አፌ፣ «ምን ብር ይዘህ ትዞራለህ፣ ኪስ አውላቂው በዝቷል፤ በስልክ ላክልኝ» ያልኩት። ይህቺን ቃል ልብ በሉልኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ልረሳት እንደሞከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ አራት ወዛደሮች ቡፌውን ከሥላሴ በታች ካለው ቤቴ አንሥተው፣ በየመንገዱ እያረፉ ጊዮርጊስ አደረሱት። ጓደኛዬ መንገዱን ሁሉ ከጎኑ እየሄደ፣ መዳፉን መስታወቱ ላይ አድርጎ ነበር። ቤቱ ስንደርስ ግድግዳውን አስቀድሞ አጽድቶለት ነበር። መደርደሪያዎቹን እኔ ገጠምኩ። እሱ ስኒዎቹን አንድ በአንድ ከጋዜጣ እየፈታ፣ በመሃረብ እየጠረገ ደረደረ። መጨረሻ ላይ የእናቱን ፎቶ መሃል አቆመ። «አሁን ቤት ገቡ» አለ። ባለቤቱ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች።

እዚያው ቆመን ስልኩን አወጣ። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ፣ በአንድ ጣቱ እየነካካ፣ «ላክሁልህ፣ እየው» አለኝ። ስልኬ ጮኸች። አየሁት። ሰባት ሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሰባት ብር።

«ሃያ ሦስቷን ደግሞ ለማን አስቀረሃት?» አልኩት።

በቀልድ ነው ያልኩት። ለዓመታት ለሰው ሁሉ «በቀልድ ነው» ስል ኖሬያለሁ፤ ግን ውሸት መናገርም ይሰለቻል። ግማሿ ቀልድ ነበረች። ግማሿ ደግሞ ቁጥሩን ሳየው ውስጤን ጫር ያደረገች ነገር ናት። ስምንት ሺ ተባብለናል፣ ስምንት ሺ የታለ?

«የመላኪያ ነው» አለኝ፣ ስልኩን ኪሱ እየከተተ። «ያንተ ባንክ ሌላ፣ የኔ ባንክ ሌላ፤ ይቆርጣል።»

«ካንተ ነዋ የሚቆርጠው! ላኪው አንተ አይደለህ?»

«ስምንት ሺ ለቡፌው ብዬ ለይቼ አስቀመጥኩ፤ ስምንት ሺውም ወጣ። ብሩ የማን ነው? ያንተ። ወደ ማን ሄደ? ወዳንተ። ያንተን ብር ላንተ ለማድረስ ባንኩ ላስከፈለው እኔን ምን አገባኝ?»

«ገበያ ሄደህ ሽንኩርት ስትገዛ የታክሲህን ባለሱቁ ይከፍልልሃል?»

«እኔ ታክሲ ልያዝ ያልኩ ሰው ነኝ? ጥሬ ብር ይዤ ልምጣ ስልህ ‹ላክ› ያለኝ ማነው?»

ክው አልኩ። እውነቱን ነበር። እውነቱን ስለነበረም ነው ደሜ የፈላው፤ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሞቴ ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ለሃያ ሦስት ብር ትከራከረኛለህ?» አልኩት። «ማነው የጀመረው?» አለኝ። ባለቤቱ መሃላችን ገብታ «ኧረ በእመቤቴ! እኔ ልስጣችሁ!» ብላ ከቦርሳዋ የተጨማደዱ አሥር አሥር ብሮች አወጣች። ሁለታችንም በአንድ አፍ «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ!» አልናት። ሴትዮዋ ብሩን እንደያዘች ቀረች። ፎቶው ውስጥ ያሉት እናት እያዩን ነበር። እኔ ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ለሃያ ሦስት ብር?» አለች፣ አፏን ይዛ። «የብሩ ጉዳይ አይደለም» አልኳት።

ኤጭ! ይህቺን ዐረፍተ ነገር አሁን ከማንም አፍ ስሰማ ትቀፈኛለች። ሰው «የብሩ ጉዳይ አይደለም» ካለ የብሩ ጉዳይ ነው። የኔ የብሩ ጉዳይ ነበር። ከብሩ ጋር ሌላ ሌላም ነገር ተጣብቆበት ይሆናል፤ ያም ቢሆን ከብሩ የተሻለ ንጹሕ ነገር አልነበረም።

ማግስቱን ኮፒ ቤቴ ችሎት ሆነ። ለገባው ሁሉ እየነገርኩ ፍርድ ጠየቅሁ። አንድ መምህር «ላኪ ነው የሚከፍለው፣ ግልጽ ነው» ሲለኝ የጥራዙን ዋጋ ቀነስኩለት። አንዲት ተማሪ «መንገዱን የመረጠ ይክፈል፤ ‹ላክልኝ› ያልከው አንተ ከሆንክ አንተ ነህ» ስትለኝ ወረቀቷን ሳላስተካክል በስቴፕለር ወጋሁላት። ሌላው «አጋምሱት፣ አሥራ አንድ ብር ከሃምሳ» አለ፤ የሱን ጥራዝ ወደ መጨረሻ አሳለፍኩት። አንድ ደላላ የነበሩ ሽማግሌ ደግሞ «ልጄ፣ ይሄ እኮ እንደ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ቀድሞ ይነገራል፣ ካልተነገረ ጠብ ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ ግን ልክ የሆነ ሰው ፍለጋ አልነበረም የወጣሁት።

ጓደኛዬም ሱቁ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሰዓት ባትሪ ሊያስቀይር የገባ ሁሉ ሰምቶ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ ሙድ ያዘብን። በአውቶቡስ መጠበቂያው ሳልፍ የማላውቀው ሰው «ሃያ ሦስት! እንዴት ዋልክ?» አለኝ። አፍሬ መሬት መግባት ሲገባኝ፣ «እሱ ነው ያስወራብኝ» ብዬ ይበልጥ ተናደድኩ። ሰው ሲወርድ ወለሉ የት እንዳለ አያውቅም፤ እኔ ግን ደረጃዎቹን በደንብ አስታውሳቸዋለሁ።

ወሬው የእድራችን ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። እሳቸው ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከዘራቸውን ሳይዙ የማይወጡ፣ የሁለታችንንም ሠርግ የሸመገሉ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ካፌያችን አስጠሩን። ስለ ሃያ ሦስት ብር ሽምግልና! አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሽማግሌዎቹ ማኪያቶ ደገሙ፣ ኬክ ታዘዘ፤ አንደኛው ሽማግሌ ባንክ እንዴት እንደሚቆርጥ ስላልገባቸው ሦስት ጊዜ አስረዳናቸው።

ሊቀመንበሩ መጨረሻ ላይ በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ። «እናንተ ልጆች፣» አሉን፣ ሁለታችንም ጠጉራችን ሸብቶ፣ «የነገ ሳምንት እሑድ ያቺ ሴትዮ ሙት ዓመቷ ነው። በሷ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ይዛችሁ ልትገቡ ነው? ግማሽ ግማሽ ቻሉትና ተሳሳሙ።»

«እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ» አልን። ተነሥተን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። እሱ የሰዓት ዘይት ይሸታል፣ ሁልጊዜም ይሸታል፤ ያቺን ሽታ ስሰማ ልቤ ረገበ፣ ምን ነካን አልኩ በሆዴ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ሂሳብ መጣ።

አስተናጋጇ ወረቀቷን ጣል አድርጋ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። የአምስት ሰው ማኪያቶና ኬክ ነው፤ ከተጣላንበት ብር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሁለታችንም ዘለልን። «በሞቴ!» «ሞቼ ነው ቆሜ!» «አንተ ትሙት እኔ ነኝ!» ወንበር ወደቀ። ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፍተው አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። «እናንተ ግን ጤነኞች ናችሁ?» አሉ። ጓደኛዬ ቀደመኝ፤ ሁለት ባለ ሁለት መቶ ብር አውጥቶ አስተናጋጇን አስጨበጣትና «መልሱ ያንቺ ነው» አላት። ሽማግሌዎቹ መረቁት። «ተባረክ፣ እጅህ ይባረክ» አሉት። እኔን ማንም አልመረቀኝም።

ወደ ቤቴ ስወርድ ቆሽቴ አረረ። ለካ ይሄ ሰው በሽማግሌ ፊት ለጋስ መስሎ፣ እኔን ሃያ ሦስት ብር የምቆጥር ቆጥቋጣ አድርጎ አስቀርቶኝ ሄደ! ማኪያቶ የጋበዘኝን ሰው በመጋበዙ የጠላሁ እኔ ነኝ። ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመርረኛል።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጮኸች። ሃያ ሦስት ብር። ግማሹን አይደለም፣ ሙሉውን። በስልክ ስትልክ «ምክንያት» የምትል ባዶ ሳጥን አለች፤ ብዙ ሰው «ለቤት ኪራይ» «ለልደት» እያለ ይሞላታል። እሱ «ለቡፌው ቀሪ» ብሎ ሞልቷታል። አሁን አሁን ሳስበው ለደግ ይመስለኛል። አጋምሱት ቢሉንም ሙሉውን ልቻለው፣ ይለቅ ብሎ ይመስለኛል። ያኔ ግን በጥፊ የተመታሁ ያህል ነው የተሰማኝ። መልሼ ላክሁለት። ሳጥኗ ውስጥ «ለማኝ አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩ። ባንኩ ከኔ መላኪያ ቆረጠ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት መለሰልኝ። «ከለማኝ የሚለየው በምንድነው?» የመላኪያውን እሱ ከፈለ። እኔ መለስኩ፤ «ለዐይን ሐኪም፣ የሰው ሐቅ እንዲታይህ።» እሱ መለሰ፤ «ለኮፒ ቀለም፣ ፊትህን እንድታጠቁርበት።» የሰፈራችንን ቋንቋ ሁለታችንም እናውቅበታለን፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ያቺው ሃያ ሦስት ብር አራት ቀን ሙሉ ከስድስት ኪሎ ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ስድስት ኪሎ ተመላለሰች። በያንዳንዱ መመላለሷ ባንኮቹ ከሁለታችንም ለቀሙ። ለመሳደቢያ የከፈልነው ከተጣላንበት በለጠ። ቆም ብሎ «ኧረ ምን እየሠራን ነው?» ያለ አልነበረም። ሂሳብ ስንነጣጠቅ እንደኖርን፣ አሁንም «እኔ ልክፈል» ነበር የምንባባለው። ልዩነቱ አሁን ጥላቻ መሆኑ ብቻ ነው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሎኛል፣ ሰልፉ ደጅ ደርሷል፣ እጄ ቀለም በቀለም ሆኗል። ስልኬ ጮኸች። ሃያ ሦስት ብር። ምክንያት፦ «ልጅህ አዲስ ቡፌ ትግዛበት፣ ፋራ እንዳትባሉ።»

ፋራ ያለችውን እኔው ነኝ በጨዋታ የነገርኩት። ልጄን መሃል አስገባ ብዬ ጨስኩ። በቀለም እጄ ስልኩን ይዤ፣ ሳጥኗ ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለቀብርህ መዋጮ ይሁንልህ።»

የባንኩ መተግበሪያ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። አንቱ ብሎ፣ በትሕትና። አዎ አልኩ። መላኪያውንም እኔው ከፈልኩ። እንግዲህ በግል ሽያጭ የመላኪያውን ማን ይክፈል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የማውቀው ይህንን ነው፤ ላክልኝ ያለ ሰው ይቻለው፣ ቀድሞም ይናገር። የዚያችን ቃል መላኪያ ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ማሽኑ ወረቀቱን ለቀቀ። ሥራዬን ቀጠልኩ። ሁለት ሦስት ገጽ ከወጣ በኋላ ነው የመጣልኝ። ሦስት ቀን ቀርቶት ለእናቱ ሙት ዓመት ድግስ ለሚሯሯጥ ሰው፣ የእናቱን ሳጥን አብሬው የተሸከምኩ ሰው፣ «ለቀብርህ» ብዬ ጻፍኩለት። መተግበሪያውን ከፍቼ መመለሻ ፈለግሁ፤ የተላከ አይመለስም። ደወልኩ። አላነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አላነሣም። ብሩም ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልመጣም። ስልኬ እስኪመሽ ድረስ ዝም አለች። እንድትጮህ የለመንኩት ያን ቀን ነው፤ ስድብ ይሁን፣ ምንም ይሁን፣ ብቻ ትጩህ።

እሑድ ሙት ዓመቱ ቤት ሄድኩ። መቅረትም ነውር ነው፣ መሄዱም ነውር ነው። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበል ነበር። ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። «እንኳን መጣህ፣ ግባ» አለኝ። ከኔ ፊት ለገባው ሰውዬም «እንኳን መጣህ፣ ግባ» ነበር ያለው፤ ከኔ ኋላ ለገባውም። ድምፁ ላይ ቁጣ የለ፣ ቅያሜ የለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ያስቀመጡኝ ቡፌው ትይዩ ነው። ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ስኒዎች እንደተደረደሩ ናቸው። እኔ የገጠምኩት መደርደሪያ ትንሽ አጋድሏል፤ ማንም አላስተካከለውም። እናቱ ከፎቶው ውስጥ ያዩኛል፤ «ብላ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ?» ይሉኝ የነበሩት ሴትዮ። ጓደኛዬ ራሱ ድስት ይዞ እየዞረ ለሰው ሁሉ ወጥ ያወጣ ነበር። እኔም ጋ መጣ፣ አወጣልኝ፣ ለሰው ሁሉ ያወጣውን ያህል አወጣልኝ፣ አለፈ። ጎርሼ ልውጥ ብል እምቢ አለኝ። እንደምንም ያሳለኝ አስመስዬ ወጣሁና አጥሩ ጥግ ተፋሁት። የድግሱን እህል! ቱ! ያን ቀን ነው የቡፌ ነገር እንዲህ የያዘኝ።

ሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ግን አይተዉም። እሱንም እኔንም ለየብቻ አነጋገሩ፣ ገሠጹ፣ ለመኑ። ይቅርታዬን በሳቸው ፊት፣ እጄን አጣምሬ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር ተናገርኩ። «ትቼዋለሁ» አለኝ። «እኔም አብዝቼ ነበር።» ተሳሳምን። የሰዓት ዘይት ሸተተኝ። ሊቀመንበሩ «በሉ እንግዲህ ካፌያችሁ ሂዱ፣ እኔ ደክሞኛል» ብለው ለቀቁን።

ያው ጠረጴዛ ነበር። ማኪያቶ አዘዝን። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ሰዓት ባትሪ መወደድ አወራን፣ ስለ ወረቀት መወደድ አወራን። ልጄን ደህና ናት ወይ አለኝ፤ ደህና ናት አልኩት። ባለቤትህስ አልኩት፤ ደህና ናት አለኝ። እኔ ግን ጨዋታውን አልነበረም የምጠብቀው። ሂሳቡን ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል ብዬ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ ብሩን በጣቶቼ ይዤ፣ እንደ ልጅ ተዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥኩት። እንደውም በዚህኛው ልሸነፍለት ወስኛለሁ።

አስተናጋጇ አየችን። ፊቷ በራ። ወረቀቷን ጠረጴዛው መሃል ጣል አደረገችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ማንም አልዘለለም።

ጓደኛዬ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ስልኩን አወጣና ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈችውን የመክፈያ ኮድ ፎቶ አነሣ። «የኔን ብቻ» አለ፣ ቀና ሳይል። እኔ እጄ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ቀረች። ብሩን ለቀቅሁትና ስልኬን አወጣሁ። «ምክንያት» የምትለዋ ሳጥን መጣች፤ ባዶዋን ተውኳት። የሁለታችንም ስልክ ተከታትሎ ጮኸ፤ ከኔም ከሱም የየራሳችን መላኪያ ተቆረጠ።

«ለየብቻ ነው?» አለች አስተናጋጇ።

«አዎ» አለ እሱ። እኔም «አዎ» አልኩ።

ተነሥተን ስንወጣ እሷ አሁንም ሁለት እርምጃ ርቃ እንደቆመች ነበረች።